ባሌስትራ ወይስ ሞላ? ከአስፋልት ለሚወጣ መኪና አመራረጥ

«ለሥራ ባሌስትራ፣ ለምቾት ሞላ» ይባላል። ባሌስትራ የተደራረቡ ረጃጅም የብረት ንጣፎች፣ ሞላ ደግሞ የተጠቀለለ ወፍራም ሽቦ ነው፤ ሁለቱም መኪናውን የሚሸከሙ ስፕሪንጎች ናቸው። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ገዢን ያሳስታል። ሁለት ሰውና አንድ ድንኳን ይዞ የሚወጣው «ጠንካራ ነው» ተብሎ ለአንድ ቶን የተሠራ ባሌስትራ ይገዛል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ጉድጓድ በወገቡ ይቆጥራል። በየቀኑ ግማሽ ቶን የሚጭነው ደግሞ «ይመቻል» ተብሎ ለስላሳ ሞላ ይገዛል፤ መኪናው አፍንጫውን ሰቅሎ ኋላው መሬት ሊነካ ደርሶ ይሄዳል። የሁለቱም ዕቃ ደህና ነበር። ያልተገናኘው ከሚሸከመው ክብደት ጋር ነው።

እዚህ የሚነጻጸሩት ሻንሲ ያላቸው አራት በአራት መኪኖችና ፒክአፖች ናቸው። የአብዛኞቹ የዛሬ ፒክአፖች ፊት ለየጎማው ራሱን የቻለ ሞላ ስላለው ምርጫው የሚቀረው ለኋላው ብቻ ነው። ከፊትም ከኋላም ወጥ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኝ አንድ ጠንካራ ብረት) ባላቸው መኪኖች ላይ ግን ጥያቄው ለሁለቱም ጫፍ ይነሳል።

## ልዩነቱ ከየት ይጀምራል

ባሌስትራ አንድ ዕቃ ሆኖ ሦስት ሥራ ይሠራል። ክብደት ይሸከማል። አክስሉን ከሻንሲው ጋር አስሮ ቦታውን ያስጠብቃል። ጎማው በፍሬን ወይም በሞተር ጉልበት ሲጠመዘዝ አብሮ እንዳይዞር ይይዘዋል። ሞላ ከሦስቱ የሚሠራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በሞላ ላይ የተቀመጠ አክስል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ ክንዶች፣ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ደግሞ ፓናርድ የሚባለው አግድም ዘንግ ያስፈልጉታል። በየጫፋቸው ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ማቀፊያ፣ አለ።

ስለዚህ ንጽጽሩ ከአንድ ሞላ ጋር ሳይሆን ከሞላ፣ ከክንዶች፣ ከፓናርድና ከስምንት ወይም ከአሥር ጎሚኒዎች ጋር ነው። ከዚህ በታች የሚመጣው ሁሉ፣ ምቾቱም ብልሽቱም ወጪውም፣ ከዚህ ይመነጫል።

አምራቾች ራሳቸው በአንድ ጊዜ አልወሰኑም። ሬንጅ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ በአራቱም ጎማ ሞላ ነበረው፤ የመርሴዲስ ጂ ክላስም በ1979 እንደዚያው። ላንድሮቨር ግን የሥራ መኪናውን ከባሌስትራ ወደ ሞላ ያዞረው በ1983 ዋን ቴንን ሲያወጣ ነው። የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ከባድ ሞዴሎች በ1999 ከፊት ሞላ ሲገባላቸው ኋላቸው ባሌስትራ እንደሆነ ቀረ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ይናገራል፤ ፊቱ መሪና ሞተር ነው፣ ኋላው ጭነት ነው።

## በምን እንመዝናቸው

የመኪና ስም ከማንሳት በፊት እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ይሻላል፦

- በመኪናው ላይ ሁልጊዜ የሚኖረው ክብደት ስንት ነው? በባዶና በሙሉ ጭነት መካከል ያለው ልዩነትስ?
- አብዛኛው መንገድ ምንድን ነው፦ ፒስታ፣ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ጭቃ?
- ሲሰበር ጋራዥ ምን ያህል ይርቃል?
- ጥገናውን የሚሠራው ማን ነው፣ በምን መሣሪያ?
- መኪናው ወደፊት ከፍ ሊደረግ ታስቧል?

ዋጋን ሆን ብለን አልጨመርንም። ዛሬ የሚከፈለው ዋጋ ሳይሆን በሦስት ዓመት ውስጥ ለጎሚኒ፣ ለአሞርዛተር (የስፕሪንጉን መወዛወዝ ለሚያረጋጋው ዕቃ) እና ለሠራተኛ የሚወጣው ነው የሚያከራክረው። እሱም ከላይ ካሉት መልሶች ይወጣል።

## ጭነት

ቁጥር እንውሰድ። የአንድ ኋላ ባሌስትራ ጥንካሬ በሚሊ ሜትር 50 ኒውተን፣ የአንድ ሞላ ደግሞ 30 ኒውተን ነው እንበል። ከኋላ አክስሉ ላይ 600 ኪሎ ሲጫን በየጎኑ 300 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 2,940 ኒውተን ይደርሳል። ባሌስትራው 59 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ሞላው 98። አሥር ሴንቲ ሜትር መውረድ ማለት በብዙ መኪኖች ላይ ከመምቻው ላስቲክ ጋር መገናኘት ነው። ከዚያ ወዲያ ስፕሪንግ የለም፤ ድንጋዩ በቀጥታ ሻንሲውን ይመታል።

ይህ ግን የባሌስትራ ተፈጥሮ አይደለም፣ የቁጥሩ ነው። ሞላም ጠንክሮ ይሠራል። የሽቦው ውፍረት ከ14 ወደ 15 ሚሊ ሜትር ቢያድግ፣ ዲያሜትሩና የዙሩ ብዛት ሳይለወጥ፣ ሞላው 32 በመቶ ያህል ይጠነክራል፤ ጥንካሬው በውፍረቱ አራተኛ ደረጃ ስለሚያድግ በዓይን የማይለይ ልዩነት መኪናውን ይለውጠዋል። ሁለት ሞላ ጎን ለጎን አቁሞ «አንድ ናቸው» ማለት የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ከመግዛትዎ በፊት የዕቃ ቁጥሩንና የተሠራበትን የክብደት ክልል ይጠይቁ። መልስ የሌለው ሻጭ ጋር አይቆዩ።

የባሌስትራ እውነተኛ ብልጫ ሁለት ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ደረጃ በደረጃ መሥራቱ። ከታች ያለው ወፍራም ዝርግ ንጣፍ ባዶ ሲሆን አይነካም፤ ጭነት ሲመጣ ብቻ ይደርሳል። ሁለተኛው ክብደቱን ለሻንሲው በሁለት ቦታ፣ ከአክስሉ በፊትና በኋላ ባሉት ማንጠልጠያዎች፣ ማካፈሉ ነው። ሞላ በአንድ ነጥብ ይገፋል፤ ለዚያ የተሠራ ሻንሲ ግን ይችለዋል።

እዚህ ላይ በጣም የሚዘወተር ስህተት አለ። ባሌስትራ ያለው ፒክአፕ ሲሰምጥ በአክስሉና በሻንሲው መካከል የአየር ፊኛ ይገባል። መኪናው ይነሳል፣ ባለቤቱ ይደሰታል። ነገር ግን ለሁለት ነጥብ የተሠራው ሻንሲ አሁን ጭነቱን በመሀል በአንድ ነጥብ መቀበል ጀመረ። ከአክስሉ ኋላ ተጎታች ወይም ትርፍ ጎማና ጀሪካን ከተንጠለጠለ ሻንሲው ከካቢኑ ኋላ ይጎብጣል። መፍትሔው ፊኛ ሳይሆን ለክብደቱ የተሠራ ባሌስትራ ማስገባት ነው። በሞላ ውስጥ የሚገባው ፊኛ ከዚህ ይለያል፤ ኃይሉ ያው ሞላው በሚገፋበት ቦታ ስለሆነ ለጊዜያዊ ጭነት ደህና ነው፤ ባዶ ሲነዱ አየሩን መቀነስ ብቻ አይርሱ።

የተንጠለጠለ ክብደት ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። በአክስሎቹ መካከል 3 ሜትር ርቀት ባለው መኪና ላይ፣ ከኋላ አክስሉ 1 ሜትር ወደ ኋላ የተሰቀለ 100 ኪሎ፣ የኋላውን አክስል በ133 ኪሎ ይጭነዋል፤ ከፊቱ ደግሞ 33 ኪሎ ያነሳል። መሪው ሲቀል፣ ፍሬኑ ሲረዝም የሚሰማዎት ይህ ነው።

አንድ አምራች በአንድ መኪና ላይ እንዴት እንደከፈለው ማየት ከፈለጉ ፎርድ ሬንጀርን ይመልከቱ። ተራው ሬንጀር ኋላው ባሌስትራ ሆኖ በብዙ ገበያዎች 3,500 ኪሎ እንዲጎትት ይፈቀድለታል። በፍጥነት ኮረኮንች እንዲያልፍ የተሠራው ራፕተር ሞላ አለው፤ የሚጎትተው 2,500 ኪሎ ነው፣ የሚጭነውም ያነሰ። አምራቹ ፍጥነቱን የገዛው በጭነት ከፍሎ ነው።

## ጎማ መሬት ላይ መቆየቱ

ጉድጓድ ላይ አንዱ ጎማ ሲወጣ ሌላው ወርዶ መሬት ይዞ ከቆየ መኪናው ይሄዳል፤ ከተንጠለጠለ ይሽከረከራል። ሞላ በረጅም ክንዶች ሲያዝ ጎማውን ብዙ ያወርደዋል። የፋብሪካ ባሌስትራ ደግሞ ለጭነት ስለሚጠነክር በባዶው ቶሎ ጎማ ያነሳል። ረጅም፣ ቀጭንና ብዙ ንጣፍ ያለው ባሌስትራ ግን ጥሩ ይተጣጠፋል። «ባሌስትራ አይተጣጠፍም» የሚለው የጠንካራ ባሌስትራ እንጂ የባሌስትራ ሁሉ ፍርድ አይደለም። በተቃራኒው ከፊት በሁለት ክንድ ብቻ የተያዘ ሞላ፣ እያንዳንዱ ክንድ አክስሉን በሁለት ጎሚኒ ስለሚጨብጠው፣ አንዱ ጎማ ብቻውን ሲወጣ ራሱን ያንቃል። ነጻነቱ በብዛት ያለው ከኋላ፣ አራት ክንድና ፓናርድ ባለበት ነው።

ለማነጻጸር ማሽን አያስፈልግም። ደልዳላ ቦታ ላይ አንዱን የፊት ጎማ ቀስ እያሉ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ያውጡ፤ በዚያው ጎን ያለው የኋላ ጎማ መሬቱን ሊለቅ ሲል ያቁሙና የወጣው ጎማ ምን ያህል ከፍ እንዳለ በሜትር ይለኩ። በሁለት መኪና ላይ አንድ ዓይነት ጭነት አድርጎ መለካት ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግራል።

አቀበት ላይ ባሌስትራ የራሱ ደካማ ጎን አለው። በዝቅተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ አክስሉ ሊዞር ይሞክራል፤ ባሌስትራው እንደ ኤስ ፊደል ይጣመማል፣ ከዚያ ተመልሶ ይፈናጠራል። ኋላው ይዘላል፣ ጎማው መሬት ይለቃል፣ በመጨረሻም ክሮቸራው፣ ማለትም የማዞሪያ ዘንጉ መገጣጠሚያ፣ ይሰበራል። ከአክስሉና ከባሌስትራው መካከል ማገጃ ብረት ገብቶ ከፍ የተደረገ መኪና ላይ ይህ ይብሳል፤ ጠምዛዡ የሚያገኘው ክንድ ረዘመ ማለት ነው።

## ፒስታና ኮረኮንች

ሞገድ የሠራ ፒስታ ላይ የሁለቱ ልዩነት በደቂቃ ይታወቃል። በባሌስትራ ንጣፎች መካከል ሰበቃ አለ። ትንሽ ሞገድ ሰበቃውን ማሸነፍ ስለማይችል ባሌስትራው አይነቃነቅም፤ የሚሠራው ጎማው ብቻ ነው፣ ንዝረቱም ወደ ካቢኑ ይመጣል። ሞላ ሰበቃ የለውም፤ ለትንሹም ለትልቁም ይንቀሳቀሳል።

ግን ይህ ጸጋ ዕዳ አለበት። ሞላ ራሱን አያቆምም፤ ማረጋጋቱ ሙሉ በሙሉ የአሞርዛተሩ ነው። በባሌስትራ መኪና ላይ የሞተ አሞርዛተር ለወራት ሳይታወቅ ሊሄድ ይችላል፣ ሰበቃው ይሸፍንለታል። በሞላ መኪና ላይ ግን በመጀመሪያው ረጅም ፒስታ ይጋለጣል። ዘይቱ ይሞቃል፣ ይቀጥናል፣ መኪናው ይዋኛል። ሞላ የሚመርጥ ሰው የገንዘቡን ጥሩ ድርሻ ለአሞርዛተር ማስቀመጥ አለበት። ረከስ ያለ ሞላ ከጥሩ አሞርዛተር ጋር፣ ከውድ ሞላና ከደካማ አሞርዛተር ይሻላል።

## ሲሰበር

ገጠር ውስጥ የባሌስትራ ወዳጆች የሚከራከሩት በዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ናቸው። ባሌስትራ ከብዙ ንጣፍ ስለተሠራ አንዱ ቢሰበር ሌሎቹ ይዘው ይቆያሉ። የሚያስፈራው የዋናው፣ ማለትም ጫፎቹ ቀለበት የሆኑት የላይኛው ንጣፍ መሰበር ነው።

በኋላ ባሌስትራ ላይ የፊተኛው ቀለበት በብዛት ሻንሲው ላይ የማይንቀሳቀስ ሲሆን የኋለኛው ሻክል በሚባለው ተወዛዋዥ ማያያዣ ላይ ነው። ስብራቱ በሻክሉ በኩል ከሆነ አክስሉ ቦታውን አይለቅም፤ መኪናው ብቻ ይሰምጣል። በፊተኛው ቀለበት በኩል ከሆነ ግን አክስሉን የያዘው ነገር ተለቋል፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ ወደ ፊት ይሸሻል። እንዲህ ይደረጋል፦

1. ሦስቱን ጎማ በድንጋይ ይገድቡ። ክሪኩን ከአክስሉ ሳይሆን ከሻንሲው ሥር አድርገው ባሌስትራው እስኪላላ ያንሱ።
2. የፊተኛው በኩል ከተሰበረ አክስሉን በሰንሰለት ከፊተኛው ማንጠልጠያ ጋር ወደ ፊት ስበው ይሰሩ። የናይለን ገመድ ይረዝማል፣ አያገለግልም።
3. 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ እንጨት በአክስሉና በሻንሲው መካከል፣ መምቻ ላስቲኩ አጠገብ፣ አስገብተው በሽቦ ይሰሩ። የፍሬን ቱቦውን እንዳይጫን ይመልከቱ።
4. ጭነቱን ወደ ፊት ያዛውሩ፤ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሂዱ፤ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ወርደው ማሰሪያውን ይዩ።

የተሰበረ ባሌስትራ አይበየድም። ብረቱ ካርቦኑ ከፍ ያለ የስፕሪንግ ብረት ስለሆነ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል፤ ብዙውን ጊዜም ከቀድሞው የባሰ ቦታ ላይ።

ለረጅም ጉዞ ሁለት ዩ ቦልት (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው የዩ ቅርጽ ብሎን) ከነዳዶው፣ ሁለት የመሀል ብሎንና አንድ ዋና ንጣፍ ይያዙ። የመሀል ብሎን ትንሽ ዕቃ ነው፣ ግን ጭንቅላቱ ነው በአክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ገብቶ ባሌስትራውን ቦታው ላይ የሚያቆመው። ዩ ቦልቱ ሲላላ ሸክሙ በዚህ ብሎን ላይ ይወድቅና ይቆረጣል፤ የኋላው ጎማ ከመሀል ሸሽቶ ወደ አንዱ የጭቃ መከላከያ ይጠጋል፣ መኪናውም ቀጥ ብሎ እየተነዳ ጎኑን ያዞረ ይመስላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ አዲስ ዩ ቦልት ከገባ በኋላ በ500 ኪሎ ሜትር፣ እንደገና በ1,000 ኪሎ ሜትር አምራቹ በሰጠው ልክ ማጥበቅ። ዩ ቦልት ሲጠብቅ ስለሚለጠጥ ተፈትቶ አይመለስም፤ አዲስ ይገዛል።

ሞላ ሲሰበር በብዛት የሚሰበረው የታችኛው ዙር ነው፣ ጭቃና ድንጋይ በሚቀመጥበት። አክስሉን የያዙት ክንዶች ስለሆኑ መኪናው አይሸሽም፤ ወርዶ ላስቲኩ ላይ ይቀመጣል፣ ቀስ ተብሎ ይነዳል። ያልተለመደው አደጋ ሌላ ነው። አሞርዛተሩ ከተቆረጠ አክስሉ ከመጠን በላይ ይወርድና ሞላው ከቦታው ይወጣል።

ወጥ አክስል ላይ ሞላ መቀየር እንደሚፈራው አይደለም። ሻንሲውን በሁለት ጠንካራ መቆሚያ ያንሱ፣ ከዲፈረንሻሉ ሥር ክሪክ ያኑሩ፣ ጎማዎቹን ያውልቁ። የአሞርዛተሮቹን የታች ብሎን፣ የስታብላይዘሩን (መኪናው በኩርባ እንዳይጋደል የሚይዘውን ዘንግ) ማያያዣና የፓናርዱን አንድ ጫፍ ይፍቱ። ክሪኩን ቀስ አድርገው ሲያወርዱ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው እንዳይወጠሩ አንድ ሰው ይጠብቅ፤ ሞላው በመጨረሻ በእጅ ይወጣል። ይህ ግን ሞላው በአሞርዛተሩ ዙሪያ ለታሰረበት ለብቻ ተንቀሳቃሽ ፊት አይሠራም። እዚያ ሞላው ተጨቁኖ ነው የተቀመጠው፤ ያለ መጨቆኛ መሣሪያ የላይኛውን ዳዶ መፍታት ሰው ይገድላል።

## ጥገና

የጎሚኒ ቆጠራ ያስተምራል። የባሌስትራ አክስል በስድስት ቦታ ጎሚኒ አለው፦ በየጎኑ ሦስት። አራት ክንድና ፓናርድ ያለው የሞላ አክስል አሥር አለው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አያልቁም፤ ሲያልቁ ግን መኪናው መንገድ ያጣል፣ ፍሬን ሲያዝ ይጎትታል። የፊት ፓናርድ ጎሚኒ ማለቅ በተለይ ከአንድ ጉድጓድ በኋላ የማይቆም የመሪ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የመሪ አሞርዛተር ይቀይራል፤ መንቀጥቀጡ ለሁለት ሳምንት ይጠፋና ይመለሳል።

ባሌስትራ ላይ ጠላቱ በንጣፎቹ መካከል የሚገባው ጭቃና ዝገት ነው። ግሪስ መቀባት አከራካሪ ነው፤ አቧራ በበዛበት ግሪስ አሸዋ ይይዝና እንደ ሞረድ ይሆናል። በጫፎቹ የፕላስቲክ ንጣፍ ያለውን ጭራሽ አይቀቡት። አጥቦ ማድረቅ ይበቃል።

የሰመጠ ባሌስትራ ተመልሶ ሊጎብጥ ይችላል፤ በቀዝቃዛው ተቀጥቅጦ ብቻ የተመለሰው ግን ለወራት ነው የሚቆየው። በእሳት የጎበጠው ደግሞ እንደገና ካልጠነከረ ጥንካሬውን ያጣል። የሰመጠ ሞላ ጥገና የለውም፤ ጥንድ ሆኖ ይቀየራል። ሞላ ቆርጦ ማሳጠርም ጥገና አይደለም፤ የቀረው ይጠነክራል፣ መቀመጫው ላይም በትክክል አይቀመጥም።

## ከፍ ማድረግ

የሞላ መኪና 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ሞላ ይቀየራል፣ አለቀ። አላለቀም። የፊት ክንዱ 1 ሜትር ቢረዝም ይህ ከፍታ አክስሉን ወደ 3 ዲግሪ ያህል ያዞረዋል። መሪው ከኩርባ በኋላ ራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው ካስተር በፋብሪካው የተሰጠው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ይጠፋል፤ መኪናው አስፋልት ላይ ይቅበዘበዛል። የካስተር ማስተካከያ ጎሚኒ ወይም የተስተካከለ ክንድ ያስፈልጋል። ፓናርዱም አክስሉን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይስበዋል። የፍሬን ቱቦው ርዝመት ይበቃ እንደሆነ ይታያል።

ባሌስትራ ላይ ሻክል ማስረዘም ርካሹ መንገድ ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር የረዘመ ሻክል ግን የሚሰጠው 25 ብቻ ነው፣ አክስሉንም ያዘነብለዋል። ማገጃ ብረት ከፊት አክስል ላይ በፍጹም አይገባም። ትክክለኛው የተሻለ ጉብጠት ያለው ባሌስትራ ማስገባት ነው።

## ሦስተኛው ምርጫ

ፓራቦሊክ ባሌስትራ የሚረሳ ነገር ነው። ንጣፎቹ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከመሀል ወፍረው ወደ ጫፍ ይቀጥናሉ፣ ከመሀልና ከጫፍ በቀር አይነካኩም። ሰበቃው በጣም ስለሚቀንስ ፒስታ ላይ ወደ ሞላ ይጠጋል፣ ክንድና ፓናርድ ግን አይጠይቅም። እንደ ሞላ ጥሩ አሞርዛተር ይፈልጋል። ንጣፉ ጥቂት ስለሆነ አንዱ ሲሰበር የሚይዘው ያንሳል።

| መመዘኛ | ተራ ባሌስትራ | ሞላ ከክንዶች ጋር | ፓራቦሊክ |
|---|---|---|---|
| ከባድ ቋሚ ጭነት | በጣም ጥሩ | ለክብደቱ ከተመረጠ ጥሩ | መካከለኛ |
| ባዶ ሲነዳ | ይደልቃል | ምቹ | ምቹ |
| ሞገዳማ ፒስታ | ደካማ | ጥሩ፣ አሞርዛተር ደህና ከሆነ | ጥሩ |
| ጎማ መሬት ማስያዝ | እንደ ጥንካሬው ይለያያል | ከኋላ በጣም ጥሩ | ጥሩ |
| መንገድ ላይ ጥገና | ቀላል | አዲስ ሞላ ካለ ቀላል | መካከለኛ |
| የጎሚኒ ወጪ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ |
| ከፍ ሲደረግ የሚከተል ሥራ | ጥቂት | ብዙ | ጥቂት |

## ለማን የትኛው

ከመኪናው የመጫን አቅም ግማሽ በላይ በየቀኑ የሚጭን፣ ተራ ባሌስትራ ይያዝ፤ አያስብበትም። ቤተሰብ ይዞ ሩቅ ፒስታ የሚሄድ ሰው ለሞላ ቢከፍል አይጸጸትም፤ ሙሉ ነዳጅ፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ ሚዛን ላይ ይውጣ፣ ሞላውንም በዚያ ቁጥር ይምረጥ። ድንጋይ የመውጣት ደስታ ከቤት የሚያወጣው ከኋላም ከፊትም ሞላ ይፈልጋል።

ጭነቱ የሚዋዥቅ፣ ሰኞ ባዶ ሐሙስ ሙሉ የሆነ፣ ከሁሉም ይቸገራል። ለእሱ የታችኛው ንጣፍ ዘግይቶ የሚነካ ባሌስትራ፣ ወይም በውስጡ ፊኛ ያለው ሞላ ይስማማዋል።

ገንዘብ ያጠረው፣ ያለውን ባሌስትራ አይጣል። መጀመሪያ ጎሚኒዎቹን፣ ቀጥሎ አሞርዛተሮቹን ይቀይር፤ ብዙ ጊዜ «የባሌስትራው ጠባይ» የሚባለው ያረጀ ጎሚኒ ነው። ከዚያ ባዶውን አሁንም የሚደልቅ ከሆነ ስለ ፓራቦሊክ ያስብ። የባሌስትራ መኪና ወደ ሞላ ማዞር ግን አይመከርም፦ የክንድ ማንጠልጠያዎች በሻንሲው ላይ ይበየዳሉ፣ ማዕዘናቸው በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት መኪናው ቀጥ ብሎ አይሄድም። በዚያ ወጪ ሞላ ያለው ሌላ መኪና መፈለግ ይቀላል።

## ያገለገለ መኪና ሲታይ

ሁሉም በደልዳላ ቦታ፣ ባዶ ሆኖ ይታይ። ከጎማው መሀል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ በአራቱም ጎን በሜትር ይለኩ፤ የግራና የቀኙ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ ምክንያቱ ይጠየቅ። ባሌስትራ ላይ ንጣፎቹ መካከል ትኩስ ቀይ ዝገት፣ ከቀለበቱ አጠገብ ስንጥቅ፣ የተገላበጠ ሻክል ይፈለጋል። ሞላ ላይ የታችኛው ዙር ቀለሙ ተልጦ እርስ በርሱ የተጋጨ እንደሆነ፣ የክንዶቹ ማንጠልጠያ ዙሪያ ስንጥቅ እንዳለ ይታያል። ከዚያ ሞተሩ በርቶ አንድ ሰው ቆሞ ባለው መኪና መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ያንቀሳቅስ፣ ሌላው ከሥር ፓናርዱን ይመልከት፤ ዘንጉ ጫፉ ላይ ከጎማዎቹ በፊት የሚነቃነቅ ከሆነ ጎሚኒው አልቋል፣ ዋጋው ላይ ይቀነስ።